ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ እና ርቀትን ያሳጠረው መልእክት

በጂዛን ክልል ከሶብያ ከተማ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ የቲሃማ ሜዳ ቀስ በቀስ እየተነሣ ከተራሮቹ ግርጌ ይደርሳል። አል-ዒዳቢ የምትገኘው በዚያ አቅጣጫ ነው። ዛሬ በዚያ ገበያ የቆመ ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሪያድ ካለ ወዳጁም፣ ከባሕር ማዶ ወሎ ካለች እናቱም ጋር እንደ ጎረቤት ይነጋገራል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ከዚህ አካባቢ ወደ ሪያድ የተላከ ደብዳቤ በግመል ጀርባ ሳምንታትን ይፈጅ ነበር። ሰላም ነው የሚለው ደብዳቤ ሲደርስ አገሩ በጦርነት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ጦርነት ተነሣ የሚለው ሲደርስም ሰዎቹ ታርቀው ሊሆን ይችላል።

ይህን ርቀት እንደ ከባድ ባላጋራ ቆጥረው ዘመናቸውን ሙሉ ሲታገሉት የኖሩት የሳዑዲ ዓረቢያ መሥራች ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ኢብን ዓብዱረሕማን አል ሱዑድ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ስለ ጦር ሜዳ ድሎቻቸው ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የሚመለከተው መልእክት በአየር ላይ እንዲጓዝ ባደረጉት ጥረት በኩል ነው። ዓመታቱ ሒጅራ ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው።

ከስደት ወደ ሪያድ

ዓብዱልዓዚዝ በ1876 ገደማ በሪያድ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ሳይደርስ የአባታቸው ቤት መከራ ወደቀበት። የሓኢል ገዢዎች የነበሩት አል ረሺድ በ1891 ሪያድን ሲጠቀልሉ፣ አባታቸው ዓብዱረሕማን ቤተሰባቸውን ይዘው ተሰደዱ። በበረሃ ከተንከራተቱ በኋላ በኩዌት ተጠለሉ። ወጣቱ ልዑል ቁርኣንን፣ ግልቢያንና የበረሃን ሕግ የተማረው በዚህ የስደት ዘመን ነው። ኩዌት የወደብ ከተማ በመሆኗም ከሕንድ፣ ከባስራና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚመጡ መርከቦች ሸቀጥም ወሬም ያራግፉባት ነበር። ወሬ ቀድሞ የደረሰው ነጋዴ እንደሚያተርፍ፣ ወሬ የዘገየበት ደግሞ እንደሚከስር ልጁ በዐይኑ ያየው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ሸዋል 5 ቀን 1319 ሒጅራ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1902፣ ዓብዱልዓዚዝ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በሌሊት ወደ ሪያድ ገብተው ማለዳ ላይ የመስመክን ምሽግ ያዙ። የአል ረሺድ አገረ ገዢ ዓጅላን በዚያው ተገደለ። በኩዌት የነበሩት አባታቸው በእነዚያ ሳምንታት ስለ ልጃቸው ሕይወትም ሆነ ሞት የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም። የምሥራቹን ይዞ የሚመጣው ግመለኛ እስኪደርስ ድረስ በዱዓና በትዕግሥት መጠበቅ ብቻ ነበረባቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግዛት ከግዛት እየተጨመረ የሰፋበት ነው። በ1913 አል-አሕሳእ ከዑስማኒያዎች እጅ ወጣ። በ1921 ሓኢል ተያዘ። በ1924 መካ፣ በ1925 መጨረሻ ደግሞ መዲናና ጅዳ በዓብዱልዓዚዝ አገዛዝ ሥር ገቡ። በጃንዋሪ 1926 የሒጃዝ ንጉሥ ተብለው ቃል ኪዳን ተገባላቸው። በሃያ አራት ዓመታት ውስጥ አንዲት የነጅድ ከተማ የነበረችው ግዛት ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ እስከ ቀይ ባሕር ተዘረጋች።

ድል በበዛ ቁጥር ግን ርቀቱም በዛ። በ1924 ዓብዱልዓዚዝ ከሪያድ ወደ መካ ያደረጉት የግመል ጉዞ ከሦስት ሳምንት በላይ ወስዷል። በምሥራቅ የጎሣ ጠብ ቢነሣ ምዕራቡ የሚሰማው ከወር በኋላ ነው። ሹም ቢያጠፋ፣ ሐጃጅ ቢዘረፍ፣ የውኃ ጉድጓድ ቢደርቅ፣ ፍርድ የሚጠይቀው ሰው ምላሹን የሚያገኘው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። በሰይፍ የተሰበሰበ አገር በሰይፍ ብቻ እንደማይጸና ንጉሡ ተረድተዋል። ፍትሕ በጊዜው እንዲደርስ ቃል በጊዜው መድረስ አለበት።

በሒጃዝ ሲገቡ ከዑስማኒያዎችና ከሸሪፍ ሑሴን ዘመን የቀሩ የስልክና የቴሌግራፍ መሣሪያዎችን አገኙ። በነጅድ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። በመቶዎች ኪሎ ሜትር በሚቆጠር አሸዋ ላይ ምሰሶ ተክሎ ሽቦ መዘርጋት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሽቦውን በየምሽቱ ከሚቆርጥ እጅ መጠበቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ዐይናቸው ሽቦ ወደማያስፈልገው ቴሌግራፍ ዞረ።

ሰማይ የሚመልሰው ሞገድ

በዚያው ዘመን በዓለም ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር እየሆነ ነበር። የሬዲዮ ሊቃውንት ሩቅ መናገር የሚቻለው በረዣዥም ሞገዶች፣ በግዙፍ ማማዎችና በብዙ ኃይል ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከ200 ሜትር በታች ያሉትን አጫጭር ሞገዶች ዋጋ ቢስ አድርገው ስለቆጠሯቸው፣ በ1912 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለአማተሮች፣ ማለትም ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ ሬዲዮ ለሚሠሩ ሰዎች፣ ትቶላቸው ነበር።

አማተሮቹ በዚያ የተናቀ ቦታ ላይ በቤታቸው የሠሯቸውን ትንንሽ መሣሪያዎች እየነካኩ ቆዩ። በዲሴምበር 1921 ፖል ጎድሊ የተባለ አሜሪካዊ በስኮትላንድ ጠረፍ በድንኳን ሰፍሮ፣ አትላንቲክን ተሻግረው የመጡ የአሜሪካ አማተሮችን ምልክቶች ሰማ። በኖቬምበር 1923 ደግሞ ፈረንሳዊው ሌዮን ዴሎይና አሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔል ከ110 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ ከአህጉር ወደ አህጉር ተጠያየቁ፤ ተመላለሱም። የተናቀው ሞገድ ውቅያኖስን በጥቂት ኃይል ተሻገረ።

ምክንያቱ ከራሳችን በላይ ነው። ከምድር ከ60 ኪሎ ሜትር ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ፣ የፀሐይ ጨረር አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላበት አዮኖስፌር የሚባል ንብርብር አለ። ከ10 እስከ 100 ሜትር ርዝመት ያለው አጭር ሞገድ ወደ ላይ ሲወጣ ይህ ንብርብር አጉብጦ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ሞገዱ ከምድር ተነሥቶ እንደገና ወደ ሰማይ፣ ከሰማይም ወደ ምድር እየተመላለሰ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ይሄዳል። በምድር ላይ ታክኮ የሚሄደው ሞገድ በተራራና በአሸዋ እየተዋጠ ሲቀር፣ ከላይ የሚወርደው ግን ገደል ውስጥ ያለችን መንደርም አይዘላትም። ቀን የሚሠራው ሞገድ ሌሊት ይደክማል፤ ሌሊት የሚበረታው ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ እንደ ሙአዚን የፀሐይን መውጣትና መግባት የሚከታተል ሰው ነው።

ይህ ግኝት ሩቅ መነጋገርን ከኃያላን መንግሥታት ብቸኛ ሀብትነት አወጣው። የማርኮኒ ኩባንያን የመሳሰሉ ድርጅቶች ዕውቀቱን ወስደው አስፋፉት። ከዚያ በኋላ ድሃ መንግሥትም ቢሆን፣ አንዲት ሞተርና አንድ የሠለጠነ ሰው ካገኘ፣ ከዓለም ጋር የሚያገናኝ በር ሊከፍት ቻለ።

የዑለማዎች ጥንቃቄና የኢኽዋን ዓመፅ

ንጉሡ መሣሪያውን መፈለጋቸው አንድ ነገር ነው፤ ሕዝባቸው እንዲቀበለው ማድረግ ግን ሌላ ነው። በነጅድ ብዙ ሰው መልእክት ያለ ሽቦና ያለ ግመል በቅጽበት መድረሱን ሲሰማ፣ ይህ ከጂን ወይም ከሲሕር በቀር ከምን ሊመጣ ይችላል ብሎ ሠጋ። በተለይ ለንጉሡ ድል ደማቸውን ያፈሰሱት የኢኽዋን ተዋጊዎች ጉዳዩን የእምነት ጥያቄ አደረጉት። በ1926 በአል-አርጣዊያ ተሰብስበው በንጉሡ ላይ ካቀረቧቸው ቅሬታዎች መካከል መኪናው፣ ስልኩና ቴሌግራፉ ይገኙበታል።

ንጉሡ ነገሩን በቁጣ አልመለሱትም። ጥያቄውን ወደ ዑለማዎች አቀረቡ። ዑለማዎቹ በ1345 ሒጅራ፣ በፌብሯሪ 1927፣ በሰጡት ፈትዋ ስለ ቴሌግራፉ ያሉት ነገር ዛሬም ሊጠና የሚገባው ነው። ነገሩ አዲስ መሆኑን፣ ምንነቱን እንደማያውቁ፣ ያለ ዕውቀት በአላህና በመልእክተኛው ስም መናገር ደግሞ ከባድ መሆኑን ገልጸው ከፍርድ ተቆጠቡ። ይህ በፊቅህ ቋንቋ ተወቁፍ የሚባለው ነው። ሐራም ነው አላሉም፤ ሐላል ነውም አላሉም። ጂሃድን ማወጅም የመሪው እንጂ የማንም ተነሺ አለመሆኑን በዚያው አጸኑ።

ንጉሡ ይህን ጥንቃቄ እንደ እንቢታ አልወሰዱትም። ዕውቀት እስኪመጣ የተከፈተ ጊዜ አድርገው ተጠቀሙበት። አማካሪያቸውና ኋላም በለንደን መልእክተኛቸው የነበሩት ሓፊዝ ወህባ እንደጻፉት፣ አንዳንድ ሸይኾች በሪያድ ወደ ተተከለው ጣቢያ ሰዎቻቸውን እየላኩ ሸይጧን ወደዚያ የሚመጣበትን ሰዓት ለማወቅ ይጥሩ ነበር። ሰዎቹ ሄደው ያዩት የሞተር ጩኸት፣ የባትሪ ሣጥንና ነጥብና ሰረዝ የሚጽፍ ወጣት ነው። በሰፊው ሲተረክ የኖረ ሌላ ታሪክም አለ። ንጉሡ በሩቅ ካለ መሣሪያ ቁርኣን እንዲቀራ አስደርገው፣ ሸይኾቹ በዚህ በኩል እንዲያዳምጡ ጋበዟቸው። የሰይጣን ሥራ የአላህን ቃል ሊሸከም አይችልምና የብዙዎች ልብ በዚያ ረጋ ይባላል።

ሁሉም ግን አልረጋም። በኢኽዋንና በንጉሡ መካከል የነበረው ጠብ ከቴሌግራፍ የሰፋ ነበር፤ ድንበር ተሻግሮ መውረርን፣ ሥልጣንንና የመታዘዝን ወሰን የሚነካ ነው። በማርች 1929 መጨረሻ በአል-ዙልፊ አቅራቢያ በሰቢላ ሜዳ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ። ፈይሰል አል-ዱወይሽና ሱልጧን ኢብን ቢጃድ የመሯቸው ኢኽዋኖች ተሸነፉ። ቀሪው ዓመፅ በጃንዋሪ 1930 አከተመ። ብዙዎቹ ሟቾች ከዚያ በፊት ከንጉሡ ጎን የቆሙ ወንድሞች ነበሩና በዚያ ድል የዘፈነ ሰው ካለ ታሪክ አላስታወሰውም።

የጣቢያዎቹ መተከል

ዓመፁ ካከተመ በኋላ ንጉሡ ሥራውን አፋጠኑ። በዚያው ጊዜ እስልምናን የተቀበለውና በጅዳ ይነግድ የነበረው እንግሊዛዊው ሴንት ጆን ፊልቢ ከማርኮኒ ኩባንያ ጋር የተደረገውን ድርድር መራ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በመካና በሪያድ ዋና ዋና ጣቢያዎች፣ በሌሎች ከተሞች ደግሞ አነስተኛ ጣቢያዎች ተተከሉ። በመኪና ላይ የተጫኑ ተንቀሳቃሽ ጣቢያዎችም ነበሩ። ንጉሡ በሪያድና በመካ መካከል ሲጓዙ እነዚህ መኪኖች አብረው ይጓዛሉ፤ ሰፈር በተደረገበት ሁሉ አንቴናው ይቆምና የየአውራጃው ወሬ ይሰበሰባል። ድሮ ንጉሥ በጉዞ ላይ ሲሆን መንግሥት ይቆም ነበር፤ አሁን መንግሥት ከንጉሡ ጋር በድንኳን ውስጥ አደረ።

የዚህን ለውጥ ክብደት ያየ ሰው፣ ገንዘብ በጠፋበት ዘመን መደረጉንም ማስታወስ አለበት። የዓለም ኢኮኖሚ በመውደቁ ወደ መካ የሚመጡት ሐጃጆች በእጅጉ ቀንሰው ነበር፤ ዋናው የግምጃ ቤት ገቢ ደግሞ ከእነርሱ ይመጣ ነበር። የነዳጅ ፍለጋው ስምምነት የተፈረመው በሜይ 1933 ሲሆን፣ ከደማም ቁጥር ሰባት ጉድጓድ በበቂ መጠን ዘይት የወጣው በ1938 ነው። ቴሌግራፉ የነዳጅ ሀብት ፍሬ አልነበረም፤ በድህነት ዘመን በዱቤና በቁጠባ የተገዛ ነው።

የጂዛን ፈተና

ሥራው የተፈተነው በደቡቡ ጫፍ፣ በዚህ በእኛ አካባቢ ነው። ጂዛንና ሶብያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሙሐመድ ኢብን ዓሊ አል-ኢድሪሲ መሪነት ራሳቸውን የቻሉ ኢማራ ነበሩ፤ መቀመጫቸውም ሶብያ ነበረች። እኝህ ሰው በ1923 ከሞቱ በኋላ ኢማራው ተዳከመ። በ1926 አል-ሐሰን አል-ኢድሪሲ በመካ ስምምነት የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝን ጥበቃ ተቀበሉ። በ1930 አካባቢው ከንጉሡ ግዛት ጋር ተዋሐደ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1932 አገሪቱ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ተብላ ተሰየመች። ስያሜው ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ኢድሪሲ በጂዛን ዓመፁ፤ ዓመፁ ሲከሽፍም ወደ የመን ተሻገሩ።

ከዚህ የተነሣ በንጉሥ ዓብዱልዓዚዝና በየመኑ ኢማም የሕያ መካከል የነበረው ክርክር ጠነከረ። የጠቡ ነጥቦች ናጅራን፣ ከጂዛን በስተምሥራቅ ያሉት ተራሮችና የኢድሪሲ ጉዳይ ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት ሁለቱ መሪዎች ለብዙ ወራት ቴሌግራም ተለዋውጠዋል። ጽሑፎቹ ወንድማዊ ሰላምታ፣ የቁርኣን አንቀጽ፣ ቅሬታና ማስጠንቀቂያ የተቀላቀለባቸው ነበሩ፤ በኋላም በሳዑዲ መንግሥት ታትመው ወጥተዋል። መልእክት ፈጥኖ መድረሱ ብቻውን ሰላም እንደማያመጣ ከዚህ ይታያል። በማርች 1934 ጦርነቱ ተጀመረ።

ልዑል አልጋ ወራሽ ሱዑድ በናጅራንና በተራሮቹ በኩል፣ ልዑል ፈይሰል ደግሞ በቲሃማ ጠረፍ ዘመቱ። በሜይ መጀመሪያ የፈይሰል ጦር ሑደይዳ ገባ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ፣ ከቤተ መንግሥት ይህን ያህል የራቀ ጦር የራሱ ጌታ ነበር። ድል ያሰከረው አዛዥ ወደ ሰንዓ ልግፋ ቢል የሚከለክለው ቃል የሚደርሰው ከብዙ ደም በኋላ ነው። አሁን ግን ንጉሡ ወሬውን በየቀኑ ይሰማሉ፤ ትእዛዛቸውም በየቀኑ ይደርሳል።

በዚያው ጊዜ ከእስላማዊው ዓለም የተውጣጣ የአስታራቂዎች ጉባኤ መካ ነበር። የቁድሱ ሙፍቲ አሚን አል-ሑሴይኒ፣ ሸኪብ አርስላን፣ ሃሺም አል-አታሲና ሙሐመድ ዓሊ ዓሉባ ይገኙበታል። ኢማም የሕያም ቴሌግራም ልከው ዕርቅ ጠየቁ። ንጉሡ በአሸናፊነት ከፍታ ላይ ሳሉ ጦራቸውን አስቆሙ። ሰፈር 6 ቀን 1353 ሒጅራ፣ ሜይ 20 ቀን 1934፣ የእስላማዊ ወዳጅነትና የዓረባዊ ወንድማማችነት ውል የተባለው የጣኢፍ ስምምነት ተደረገ። ዓሲር፣ ጂዛንና ናጅራን በሳዑዲ በኩል ጸኑ፤ ሑደይዳና በጦርነቱ የተያዘው የየመን ጠረፍ ለባለቤቱ ተመለሰ። ለሃያ የጨረቃ ዓመታት የተገባው ይህ ቃል የጠረፉን መንደሮች ከተጨማሪ ደም አዳነ።

ውሉ ወዲያው ፈተና ገጠመው። በዙልሒጃ 1353፣ በማርች 1935፣ ንጉሡ ካዕባን ጠዋፍ ሲያደርጉ ጩቤ የያዙ ሦስት የመናውያን ተወረወሩባቸው። ልዑል ሱዑድ በሰውነታቸው ሸፍነው አባታቸውን አዳኑ፤ እርሳቸውም ቆሰሉ። በሐረም ውስጥ የፈሰሰ ደም አንድ ትውልድ የሚያባላ ቂም ሊወልድ ይችል ነበር። ንጉሡ ግን የጥቂቶችን ወንጀል በአንድ ሕዝብ ላይ አልጫኑም፤ ውሉም አልፈረሰም።

የሚያዳምጥ መጅሊስ

ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ የመላክን ያህል መስማትን ይወዱ ነበር። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ወደ ሪያድ ከገባ በኋላ የዓለም ወሬ በቤተ መንግሥቱ የዕለት ሥርዓት ውስጥ ተካተተ። ሠራተኞች ከተለያዩ ጣቢያዎች የተነገረውን ያዳምጣሉ፤ ይጽፋሉ፤ ወደ ዓረብኛ ይመልሳሉ። በመጅሊሱም ይነበባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይህን ክፍል ወጣቱ ዓብዱላህ በልኸይር ይመሩት ነበር።

የአየሩ ሞገድ በዚያን ጊዜ የኃያላን መፎካከሪያ ሆኗል። ጣሊያን ከባሪ ከተማ በ1934 በዓረብኛ ማሰራጨት ጀመረች። በ1935 ኢትዮጵያን ስትወርር ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከአቃቂ የገመድ አልባ ጣቢያ በአጭር ሞገድ ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። በቀይ ባሕር በሁለቱም ዳርቻ ያሉ መንግሥታት አንድ ነገር ተምረው ነበር፦ ዝም ያለ አገር ታሪኩን ሌላ ይነግርለታል።

ጃንዋሪ 3 ቀን 1938 የእንግሊዙ ቢቢሲ የዓረብኛ ስርጭቱን ጀመረ። በዚያች የመጀመሪያ ምሽት ዜና ውስጥ፣ አንድ ፍልስጤማዊ በእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ውሳኔ በስቅላት መገደሉ ተነገረ። ንጉሡ ይህን በሪያድ ሰምተው እጅግ ማዘናቸውን በጅዳ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሪደር ቡላርድ ለመንግሥቱ ጽፏል። እንግሊዞች ወዳጅነት ለማፍራት የከፈቱት ጣቢያ፣ በመጀመሪያው ምሽት የአንድን ሰው ሞት ለመላው ዓረብ አደረሰ። ርቀት ሲጠፋ የሩቅ ሰው ሐዘንም ቅርብ ይሆናል።

ይህ ሐዘን ሰባት ዓመት ቆይቶ ወደ ፖለቲካ ተሻገረ። ፌብሯሪ 14 ቀን 1945 ንጉሡ በስዌዝ ቦይ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመው የአሜሪካ የጦር መርከብ ኩዊንሲ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ሲያገኙ፣ አጥብቀው ያነሡት የፍልስጤምን ጉዳይ ነበር። ሩዝቬልት ከዓረቦች ጋር ሳይመክሩ በእነርሱ ላይ ጠላትነት ያለው እርምጃ እንደማይወስዱ በኤፕሪል መጀመሪያ በደብዳቤ አረጋገጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሞቱ፤ የተከተለውንም ዓለም አየው። ንጉሡ የሰሙትን ሁሉ መለወጥ አልቻሉም። አልሰማሁም ለማለት የሚያስችል ርቀት ግን ለራሳቸው አልተዉም።

ከዐረፋ ቀን የተሰማ ድምፅ

ንጉሡ በዕድሜያቸው መጨረሻ፣ ለብዙ ዓመታት የሌላውን ሲያዳምጡ ከቆዩ በኋላ፣ አገራቸው በራሷ አንደበት እንድትናገር ፈቀዱ። በረመዳን 1368 ሒጅራ የሬዲዮ ጣቢያ እንዲቋቋም አዋጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ዙልሒጃ 9 ቀን፣ በ1949 የዐረፋ ቀን፣ ስርጭቱ ከጅዳ ተጀመረ። በሒጃዝ የንጉሡ እንደራሴ የነበሩት ልዑል ፈይሰል ለሐጃጆች የተላከውን የንጉሡን መልእክት አሰሙ።

ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስልም። ሐጃጆች በዐረፋ ሜዳ በቆሙበት ሰዓት የጣቢያው ድምፅ ሐጅ ላልቻሉት ተነገረ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ዑለማዎች ምንነቱን አናውቅም ብለው ከፍርድ የተቆጠቡለት መሣሪያ፣ አሁን ቁርኣንና የሐጅ ዜና የሚያስተላልፍ ሆነ። የሰዎች ጥርጣሬ በዱላ አልተሰበረም። ጊዜ፣ ማስረጃና መልካም አጠቃቀም ሆነው መለሱት።

ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ ኖቬምበር 9 ቀን 1953፣ ረቢዕ አል-አወል 2 ቀን 1373 ሒጅራ፣ በጣኢፍ ከተማ ወደ አኺራ ሄዱ። አስከሬናቸው በአውሮፕላን ወደ ሪያድ ተወስዶ በአል-ዑድ መቃብር፣ በነጅድ ልማድ መሠረት ያለ ሐውልትና ያለ ጉልላት፣ ከሌሎች ሙስሊሞች ጎን ተቀበረ። በ1924 በግመል ከሦስት ሳምንት በላይ የፈጀባቸውን አገር የመጨረሻ ጉዟቸው በሰዓታት አቋረጠው።

ዛሬ በአል-ዒዳቢ፣ በሶብያና በጠረፉ ከተሞች የምንኖር ሰዎች የምንልከው ቃል ሁሉ ሳይዘገይ ይደርሳል። ንጉሡ የደከሙለት ጉዳይ ግን የቃሉ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። በ1934 የደረሰው ቴሌግራም ዕርቅ ተሸክሞ ነበር፤ የተቀበሉትም ሰው ሰይፋቸውን ለማስቀመጥ የተዘጋጁ ነበሩ። በዚያ መስመር ላይ የተገኘው ሰላም ለሁለቱም ወገን ልጆች መልካም ውርስ ነበር። አላህ ለደከሙለት ሁሉ ምንዳቸውን ይክፈል፤ ለእኛም መልካም የምናደርስበትን አንደበት ይስጠን።